ሶማሌ ተራ ከመውረድህ በፊት፦ ለቱርቦ መኪና ባለቤት የተሰጠ ምክር

ልጄ፣ ቱርቦ ያላት መኪና መግዛትህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። «ትሮትል ቦዲዋን በሰፊ ብለውጠው ጉልበት ትጨምራለች ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል፤ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚመጥነውን ባለ ክዳን በር ማለትህ ነው። መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወርደህ ይህን ጥያቄ ለመኪና እቃ ሻጭ ብታቀርበው መልሱ ሁልጊዜ «እንዴታ!» ነው። እኔ የምሸጥልህ ነገር ስለሌለኝ እውነቱን በተራ በተራ ልንገርህ።

1. መጀመሪያ ሞተርህን እወቅ። እንደ ቱርቦ ሃይሉክስ ናፍጣ ከሆነ ነገሩ እዚሁ አለቀ። የናፍጣ ሞተር ጉልበቱ የሚመጠነው በሚረጨው ነዳጅ እንጂ በአየር መግቢያው ክዳን አይደለም። በዘመናዊዎቹ ላይ የምታየው ክዳን ከጭሱ ከፊሉን መልሶ ለማስገባትና ሞተሩ ሲጠፋ እንዳይንገጫገጭ የተቀመጠ ነው።

2. ቤንዚን ከሆነ የአየሩን መንገድ ተከተል። አየሩ በፊልትሮው ይገባል፣ ቱርቦው ይጨምቀዋል፣ ኢንተርኩለሩ ያቀዘቅዘዋል፤ ትሮትል ቦዲው ጋ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ቱርቦ የሌላት መኪና አየሩን የምትስበው ራሷ ስለሆነች መግቢያው ላይ የሚጠፋው ግፊት በቀጥታ ከጉልበቷ ይቀነሳል። ያንተዋ ግን እንደ አንጥረኛ ወናፍ ገፍቶ የሚያስገባላት አላት።

3. ግፊቱን ማን እንደሚወስን ጠይቅ። ከትሮትል ቦዲው በኋላ አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ማኒፎልድ ላይ ያለው ሴንሰር ግፊቱን ለኮምፒውተሩ ይናገራል። የተፈቀደው ልክ ሲሞላ ኮምፒውተሩ ዌስትጌት የሚባለውን በር ይከፍትና ከጭሱ ከፊሉ ቱርቦውን ሳያሽከረክር ያልፋል። መግቢያውን ብታሰፋው ዌስትጌቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ይከፈታል፤ ሞተሩ የሚያገኘው ግፊት ግን ያው ነው። የቱርቦው ሥራ ትንሽ ቢቀል ነው።

4. ሒሳቡንም ሥራው። ባለ 2 ሊትር ሞተር በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር ወደ 6,000 ሊትር የሚጠጋ አየር ይወስዳል። አፉ 60 ሚሊ ሜትር በሆነ ትሮትል ቦዲ ውስጥ ይህ አየር በሰከንድ 35 ሜትር ገደማ ይሮጣል። ክዳኑ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ሳለ እዚያ ላይ የሚጠፋው ግፊት 0.01 ባር አካባቢ ነው። ማኒፎልዱ ውስጥ 1.5 ባር ካለ፣ ገንዘብህን የምታወጣው ከመቶ አንድ ለማይሞላ ነገር ነው።

5. እግርህ እንዳያታልልህ። ከ60 ወደ 70 ሚሊ ሜትር ስትሄድ የቀዳዳው ስፋት 36 በመቶ ያድጋል። ስለዚህ ነዳጅ መስጫውን ገና ነካ ስታደርገው መኪናዋ ፈትለክ ትላለች፤ ጓደኛህም «በረረች!» ይልሃል። እስከ ወለሉ ስትረግጠው ግን የድሮዋ ናት። ካላመንከኝ ሕግ በሚፈቅድበት ባዶ መንገድ ላይ፣ በአንድ ማርሽ፣ በሰዓት ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ለመድረስ የሚፈጅባትን ሰከንድ ከመለወጥህ በፊትና በኋላ ለካ።

6. ጣጣውን አትርሳ። ያልተስማማ ትሮትል ቦዲ ሲገጠም ሚኒሞው አልረጋ ይላል፣ የሞተር መብራት ይበራል። የማኒፎልዱ አፍ አብሮ ካልሰፋ ደግሞ አየሩ ከጠርዙ ጋር ይጋጫል። የግድ ያገለገለ የምትገዛ ከሆነ ክዳኑን በጣትህ ቀስ ብለህ ገፍተህ ልቀቀው፤ እየነከሰ ከተመለሰ ተወው። ዘንጉን ግራ ቀኝ ነቅንቅ፤ ከተወዛወዘ አየር ያስገባል። የሶኬቱን እግሮች ቁጠርና ከራስህ መኪና ጋር አስተያይ። ደረሰኝ የማይቆርጥልህን ሰው እለፈው፣ እቃው የተሰረቀ ሊሆን ይችላል፤ የሰው ስፖኪዮ በዚህ ከተማ እንዴት እንደሚጠፋ ታውቃለህ።

7. ገንዘብህን አዲስ አበባ መኪናህን በምትጎዳበት ቦታ ላይ አውለው። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት 0.76 ባር አካባቢ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ 1 ባር ነው። ያንን 1.5 ባር ለማግኘት ቱርቦህ እዚህ አየሩን እጥፍ መጨመቅ አለበት፤ ጅቡቲ ቢሆን አንድ ተኩል እጥፍ ይበቃው ነበር። ስለዚህ አብዝቶ ይሽከረከራል፣ አየሩንም አብዝቶ ያሞቃል። አቧራ የጠጣ ፊልትሮ፣ የላላ የቱቦ ማሰሪያ፣ ጭቃ የደፈነው ኢንተርኩለር ከትሮትል ቦዲው ይልቅ ጉልበትህን ይበላሉ። መካኒክህ ቱቦዎቹን በትንሽ ግፊት አየር ሞልቶ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ይቀባልህ፤ አረፋ የሚነፋበት ቦታ ጉልበትህ የሚፈስበት ነው። ዘይቱንም በወቅቱ ቀይር፣ ቱርቦው የሚዞረው በዘይት ላይ ነው።

8. የሚጠቅምበት ጊዜም አለ። ቱርቦው በትልቅ ተተክቶ፣ የነዳጁም ልክ ተስተካክሎ ብዙ አየር የሚጠየቅ ከሆነ፣ ሙሉ ነዳጅ እየተሰጠ ከትሮትል ቦዲው በፊትና በኋላ ያለው ግፊት ይለካ። ልዩነቱ ጎላ ካለ ያኔ በሰፊ ቀይረው፤ ማንም አይወቅስህም።

9. የወጣውን ኦርጅናል አትሽጥ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሏል። የቤንዚን መኪናህ ብዙ ዓመት ልታገለግልህ ነው፤ ፋብሪካ ለእሷ ለክቶ የሠራውን እቃ ነገ ፈልገህ ላታገኘው ትችላለህ።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ጋራዥ ሂድና ግፊቷን አስለካ። ሶማሌ ተራ የትም አይሄድብህም።