ድምፅ ለኋላው ወንበር
(በጥቂት ገንዘብ የድምፅ መሣሪያ ስለ መምረጥ)

በማስተማር ልምምድ ጊዜ በአንድ የላስታ ደጋ ትምህርት ቤት የተቀዳ ተረት በስፒከር አሰማን። ከፊት የተቀመጡት ሲስቁ ከኋላ ያሉትም ሳቁ። ደስ አለን። በኋላ ተረቱን እንዲደግሙልን ስንጠይቃቸው ግን የኋላዎቹ የሳቁት የፊቶቹን አይተው እንጂ ሰምተው አልነበረም! ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ይኸው ስሕተታችን ነው።

መቼም ትምህርት ቤት ውስጥ ጥቂት ብር ሲጠራቀም «ቴሌቪዥንና ሆም ቴአትር ይገዛ» የሚል ሐሳብ መነሣቱ አይቀርም። ሐሳቡ አይከፋም። በሥዕልና በድምፅ ማስተማር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ1997 ዓ.ም. ደግሞ «ፕላዝማ» የተባለው የሳተላይት ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች ገብቷል። ነገር ግን መሣሪያው አለ ማለት ተማሪው ሰማ ማለት አይደለም። ስለሆነም ከመግዛታችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ የመጨረሻው ወንበር ላይ ያለው ልጅ ቃሉን ለይቶ ይሰማል ወይ?

ሀ. በዋት ብዛት አንታለል

ካርቶን ላይ «5000 ዋት» ተብሎ ሲጻፍ እናያለን። ይህ ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. የሚሉት አቆጣጠር ነው፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ነው። የሚጠቅመን አር.ኤም.ኤስ. የሚባለው፣ መሣሪያው ሳያቋርጥ የሚሰጠው ኃይል ነው። ማጣሪያውም ቀላል ነው፦ መሣሪያውን አዙረን ከጀርባው የተጻፈውን፣ ከኤሌክትሪክ የሚወስደውን ዋት እናንብብ። 60 ዋት የሚወስድ መሣሪያ ያለማቋረጥ ከ60 ዋት በላይ ሊሰጥ አይችልም።

ከዋት በፊት መታየት ያለበት ስፒከሩ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት የሚሰጠው ዴሲቤል ነው። ኃይሉ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ስለዚህ 84 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር 90 ከሚሰጠው ጋር እኩል እንዲሰማ 4 እጥፍ ዋት ይፈልጋል። መብራት በሌለበትና በሶላር በሚሠራ ትምህርት ቤት ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። 12 ቮልትና 50 አምፔር-ሰዓት የሆነ ባትሪ የሚይዘው 600 ዋት-ሰዓት ነው። የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ እንጠቀም ብንል 300 ይሆናል፤ ይህም 30 ዋት ለሚወስድ መሣሪያ 10 ሰዓት ያህል ይበቃል። ቴሌቪዥኑ ሲጨመርበት ግን ሰዓቱ ያጥራል።

ለ. ድምፁን ማቅረብ ነፃ ነው

በገላጣ ሜዳ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ከ1 ሜትር ወደ 8 ሜትር ስንሄድ 18 ዴሲቤል ወረደ ማለት ነው። በክፍል ውስጥ ግድግዳው ስለሚመልሰው ቅናሹ ያንሳል፤ ተመልሶ የሚመጣው ግን ጥርት ያለው ድምፅ አይደለም። ታዲያ ምን ይሻላል? ስፒከሩን መሬት ላይ ከማስቀመጥ ከተማሪዎቹ ራስ በላይ ሰቅሎ፣ ፊቱን ወደ ኋላው ወንበር ማዘንበል ነው። ወጪው ሽቦና ሚስማር ብቻ ነው።

ሐ. ክፍሉም መሣሪያ ነው

ላሊበላን የሚያውቅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከአለት በተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተጎተተ ዜማ ያምርበታል፤ በፍጥነት የሚነገር ቃል ግን እርስ በርሱ ይደራረባል። ድንጋይና ሲሚንቶ ድምፅን መጥጠው አያስቀሩም፤ ይመልሱታል እንጂ። የአናባቢው ጉልህ ድምፅ ገና ሳይጠፋ ደካማው ተነባቢ ይደርስና ይዋጣል። እንዲህ ባለ ክፍል ድምፁን ብናስጮኸው ጫጫታው አብሮ ይጨምራል።

ስለዚህ በስፒከሩ ትይዩ ባለው የኋላ ግድግዳ ላይ ባና ወይም ወፍራም መጋረጃ ይሰቀል፤ ከግድግዳው ስንዝር ያህል ቢርቅ የበለጠ ይሠራል። በክረምት የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርደውን ዝናብ በጩኸት ማሸነፍ አይቻልም። አቅም ካለ ኮርኒስ ይሠራ፤ ከሌለም የማዳመጥ ትምህርቱ ዝናብ ወደማይበዛበት ሰዓት ይዛወር።

መ. ምን እንግዛ?

ሆም ቴአትር የሚባለው ብዙውን ጊዜ አምስት ትንንሽ ስፒከርና አንድ የባስ ሣጥን ነው። ብሩ ለስድስት ተከፍሎ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ትንሽ ነው። በፊልም ውስጥ ደግሞ ንግግሩ በአብዛኛው የሚወጣው ከመካከለኛዋ ስፒከር ሲሆን፣ የቀሩት ለሙዚቃና ለግርግር ናቸው። ያን መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። እኛ የምንመክረው ሁለት ደህና ስፒከርና አንድ ቀላል አምፕሊፋየር ነው። ከአሥር ብር አምስቱ ለስፒከሮቹ፣ ሦስቱ ለአምፕሊፋየሩ፣ ሁለቱ ለሽቦና ለክፍሉ ማሻሻያ ቢውል መልካም ነው። ልብ በሉ፦ 8 ኦም የሆኑ ሁለት ስፒከሮች በፓራለል ቢቀጠሉ 4 ኦም ይሆናሉ፤ አምፕሊፋየሩ 4 ኦም እንደሚችል ካልተጻፈበት ሊቃጠል ይችላል።

ሠ. የመምህር ፈተና

ባለሱቁ የሚያሰማን የጭፈራ ዘፈን ነው፤ በዘፈን የማይደምቅ ስፒከር የለም። እኛ ግን የራሳችንን ቅጂ ይዘን እንሂድ። መጣና መታ፣ ጠፋና ተፋ፣ ቀረመና ከረመ የመሳሰሉትን ሃያ ቃላት አደባልቀን በስልካችን እንቅዳ። ባሱን አስቀንሰን፣ ስምንት እርምጃ ርቀን፣ ፊታችንን አዙረን የሰማነውን እንጻፍ። ብዙ የሚያሳስተንን ዋጋው ቢረክስም እንተወው። መሣሪያው ክፍል ውስጥ ከተሰቀለ በኋላም ፈተናው በመጨረሻው ወንበር ላይ ለሚቀመጡ ተማሪዎች ይደገም።

ልጅ አልሰማሁም ለማለት ያፍራል፤ ጓደኛው ሲስቅ አብሮ ይስቃል። ስለዚህ ተማሪው እስኪነግረን አንጠብቅ፤ ሄደን ከጎኑ እንቀመጥና እኛው እንስማ።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. እናንተ በምትማሩበት ክፍል የኋላው ወንበር ከመምህሩ ስንት ሜትር ይርቃል?
2. አንድም ብር ሳይወጣ የክፍሉን ድምፅ ለማሻሻል ምን ማድረግ ይቻላል?