ያገለገለ መኪናና ጄኔሬተር ገዢ በቴስተር ምን ሊያይ ይችላል?

ሻጭ የመኪናውን አመል ያውቃል፤ ገዢ የሚያውቀው የተነገረውን ነው። አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጽሑፍ ለዚህ ችግር በምሳሌነት የወሰዱት ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ነበር። ገዢው ደህናውን ከብልሹው መለየት ሲያቅተው ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል፤ በዚህ ዋጋ መሸጥ የማያዋጣው የደህና መኪና ባለቤት ከገበያው ይወጣል፤ ብልሹው ይቀራል። አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤልን ሽልማት የተካፈሉት ይህን በመሳሰለው ሥራቸው ነው።

በአዲስ አበባ ገበያ ይህን የመረጃ ጉድለት የሚሞላው ብዙውን ጊዜ ገዢው ይዞት የሚመጣው መካኒክ ነው። መካኒኩ ሞተሩን ያዳምጣል፣ የጭሱን ቀለም ያያል፣ ከሥር ገብቶ ዘይት ማፍሰስ አለማፍሰሱን ይመረምራል። ኤሌክትሪክ ግን አይሰማም፣ አይታይምም። በመሆኑም መኪናው አልነሳም ሲል «ባትሪው ሞቷል» ይባልና አዲስ ይገዛል፤ ጥፋቱ የዲናሞው ከሆነ ግን አዲሱም ባትሪ ብዙ ሳይቆይ ባዶ ይሆናል። ባለንብረቱ ሁለት ጊዜ ከሰረ ማለት ነው።

ቴስተሩ በዲሲ ቮልት ላይ ተደርጎ ሁለቱ ሽቦዎች በባትሪው ፖሎች ላይ ሲያርፉ፣ ለጥቂት ሰዓታት የቆመ መኪና ደህና ባትሪ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል። 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህሉ ብቻ ቀርቷል፤ ከ12 በታች ባዶ ሊባል ይችላል። ሆኖም ሌሊቱን ቻርጅ ሲደረግ ያደረ ደካማ ባትሪም ጠዋት 12.6 ሊያሳይ ስለሚችል ገዢው በዚህ ንባብ ብቻ መርካት የለበትም። ቁልፉ ዞሮ ሞተሪኖው ሲሠራ ንባቡ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ጭነት አይችልም። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.5 መድረስ ይኖርበታል። በ12 ተኩል አካባቢ ቆሞ እየወረደ ከሄደ ዲናሞው አያስሞላም፤ ከ15 ካለፈ ባትሪውን እያፈላው ነው። በኮምፒውተር የሚቆጣጠሩ አዳዲስ መኪኖች ሆን ብለው ንባቡን ዝቅ ሊያደርጉ ስለሚችሉ መብራት አብርቶ ደግሞ ማየት ይገባል። ሁለት ባትሪ በተከታታይ ለሚጠቀሙ ባለ 24 ቮልት የጭነት መኪኖች ቁጥሮቹ እጥፍ ይሆናሉ።

አንድ ሌላ ፈተና አለ፤ ብዙ ጋራዥ ይዘለዋል። አንዱ ሽቦ በባትሪው ነጋቲቭ ፖል ላይ፣ ሌላው በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ ሆኖ ቁልፉ ሲዞር ከግማሽ ቮልት በላይ ከታየ የማሳው ገመድ ላልቷል ወይም ዝጓል። መድኃኒቱ የሽቦ ብሩሽና ቁልፍ ነው። ሻጩ ይህን ሳያውቅ «ሞተሪኖው ደክሟል» ብሎ ዋጋ ከቀነሰ ገዢው ተጠቅሟል፤ በተቃራኒው ለገዢው ሞተሪኖ የሚያስቀይር ባለሙያም አይጠፋም።

ቆሞ ባትሪውን የሚጨርስ መኪና በአምፔር ይፈተሻል። የነጋቲቩ ገመድ ተፈትቶ ቴስተሩ በመካከል ይገባል፤ ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠበቃል። በአብዛኛው እስከ 50 ሚሊ አምፔር ጤና ነው። ግማሽ አምፔር ከሆነ ግን ባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ በአምስት ቀን ያልቃል። ከዚህ ልኬት በኋላ ቀዩን ሽቦ ወደ ቮልቱ ቀዳዳ ያልመለሰ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ባትሪውን በቀጥታ ያገናኘዋል። ርካሽ ቴስተሮች ብዙዎቹ በ10 አምፔሩ ቀዳዳ ላይ ፊውዝ የላቸውም፤ ስለዚህ የሚቃጠለው ሽቦው ወይም እጅ ነው።

ጄኔሬተር ላይ ንግግሩ ሌላ ነው። ባለ አንድ ፌዝ 10 ኬቪኤ ነው የተባለ ጄኔሬተር በ220 ቮልት 45 አምፔር ያህል መስጠት አለበት። ያለ ጭነት ሲሠራ ማሳየት ምንም አያረጋግጥም። ምድጃም ሆነ ማሞቂያ ተሰክቶበት፣ አምፔሩ በክላምፕ ሜትር እየታየ፣ ቮልቱና ኸርዙ መታየት አለባቸው። በ52 ኸርዝ ጀምሮ በጭነት ወደ 50 መውረዱ የተለመደ ነው፤ 46 ከደረሰ ሞተሩ ወይም የነዳጅ መስመሩ ደክሟል። ክላምፕ ሜትር የሚገዛ ሰው ልብ ሊል የሚገባው አብዛኛዎቹ ርካሾቹ ኤሲን ብቻ የሚያነቡ መሆናቸውን ነው፤ የሞተሪኖን አምፔር ለማየት ዲሲንም የሚያነብ ያስፈልጋል።

ለ12 ቮልት መኪና ትንሿ ቴስተር ትበቃለች። በፋብሪካ የኤሌክትሪክ ሳጥን ውስጥ ግን አትገባም። ለዚህ በመሣሪያውም በሽቦዎቹም ላይ ካት ሦስት የሚል ምልክት ከ600 ወይም ከ1000 ቮልት ጋር ሊኖር ይገባል። ምልክት ግን ማንም ማተም ይችላል። ስለዚህ ከተቻለ የጀርባ ክዳኑን አስከፍቶ ፊውዙን ማየት ነው፤ ለዚህ ሥራ የተሠራው ወፍራም የሴራሚክ ፊውዝ ይይዛል፤ ቀጭን የመስታወት ፊውዝ ያለው ምልክቱ የሚለውን አይደለም።

ኤሌክትሪክ ካልሆኑ በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ ጥያቄው ሰፍቷል። በኤሌክትሪክ መኪናም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አለ፤ መኪናው «አልበራም» ሲል በቅድሚያ የሚለካው እሱ ነው። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ገመዶች ግን በመቶዎች የሚቆጠር ዲሲ ቮልት ይይዛሉ። እነሱን የሚነካው የሠለጠነ፣ ጓንትና ተገቢ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ብቻ ነው። ከሁሉም በላይ የመኪናው ዋጋ ትልቁ ክፍል የሆነው የዋናው ባትሪ ቀሪ አቅም በቴስተር አይነበብም። ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር በሚገናኝ መመርመሪያ በመቶኛ ይወጣል፤ ገዢው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ሻጩን መጠየቅ ያለበትም ያንን ቁጥር ነው።