የክረምት ትንበያና የደመና ዓይነቶች፦ ከጉና ተራራ እስከ ዓባይ ሸለቆ

ክረምት በመጣ ቁጥር የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬ አንድ ጥያቄ ይደቀንበታል፦ በመጀመሪያው ዝናብ ይዝራ ወይስ ጥቂት ይታገሥ? በሰኔ መግቢያ የጣለውን ዝናብ አምኖ የዘራ ሰው፣ ዝናቡ ለአሥር ወይም ለአሥራ አምስት ቀናት ቢቋረጥበት ቡቃያው ይደርቅበታል። አብዝቶ የዘገየ ደግሞ ሰብሉ ፍሬ ሳይቋጥር ክረምቱ ይወጣበታል። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኝባቸው ሁለት ምንጮች አሉ፤ አንደኛው የሚትዮሮሎጂ ትንበያ ሲሆን ሁለተኛው ሰማዩ ራሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱ የሚነግሩን ነገር የተለያየ መሆኑንና አንዱ ሌላውን ሊተካ እንደማይችል ለማሳየት እንሞክራለን።

1. የወቅት ትንበያ ምን ይነግረናል?

የኢትዮጵያ ሚትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት ዓመቱን በሦስት ወቅቶች ይከፍላል፤ እነርሱም በጋ (ከጥቅምት እስከ ጥር)፣ በልግ (ከየካቲት እስከ ግንቦት) እና ክረምት (ከሰኔ እስከ መስከረም) ናቸው። ለክረምቱ ትንበያ ዋነኛ ከሆኑት መነሻዎች አንዱ የሰላማዊ ውቅያኖስ የወለል ሙቀት ነው። የውቅያኖሱ መካከለኛና ምሥራቃዊ ክፍል ከመደበኛው በላይ ሲሞቅ፣ ማለትም ኤልኒኞ ሲከሰት፣ በሰሜን ኢትዮጵያ የክረምቱ ዝናብ የመቀነስ ዝንባሌ ያሳያል፤ ሲቀዘቅዝ (ላኒና) ደግሞ የመጨመር። እ.ኤ.አ. በ2015 የደረሰው ድርቅ ከብርቱ ኤልኒኞ ጋር የተያያዘ ነበር።

ትንበያው የሚቀርበው በዕድል መጠን ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ዝናቡ ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉ 45 በመቶ፣ መደበኛ የመሆን 35 በመቶ፣ ከመደበኛ በታች የመሆን 20 በመቶ ነው ቢባል፣ «ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው» ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። እንዲህ ያለ ትንበያ በአምስት ዓመታት ቢሰጥ፣ በአማካይ በአንደኛው ዓመት ዝናቡ ከመደበኛ በታች ይሆናል ማለት ነውና። በተጨማሪም ትንበያው የሚናገረው ስለ ሰፊ አካባቢ እንጂ ስለ አንድ ቀበሌ ወይም ስለ አንድ ቀን አይደለም።

2. ከፍታና ደመና

በዚህ አካባቢ ደግሞ ከቀበሌ ቀበሌ ያለው ልዩነት ከፍተኛ ነው። የጉና ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,100 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ሲኖረው፣ በዓባይና በበሽሎ ሸለቆዎች ያሉት ቆላዎች ከ1,500 ሜትር በታች ይወርዳሉ። የአየር ሙቀት በ1,000 ሜትር ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀንስ፣ በሁለቱ መካከል ወደ 17 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት ይኖራል። በክረምት እርጥበት አዘሉ ነፋስ በአብዛኛው ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ስለሚመጣም፣ ከጉና በስተ ምሥራቅ ያለው አገር ከምዕራቡ ያነሰ ዝናብ ያገኛል።

ደመና የሚፈጠረው አየር ወደ ላይ ወጥቶ ሲቀዘቅዝና የያዘው ተን ወደ ውኃ ጠብታ ሲለወጥ ነው። የኩሙለስ ደመና ግርጌ የሚገኝበትን ከፍታ በግምት ለማወቅ፣ የአየሩ ሙቀት ከጤዛ ነጥብ የሚበልጥበትን ዲግሪ በ125 ሜትር ማባዛት ይበቃል። በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ሙቀቱ 20፣ የጤዛ ነጥቡ 12 ዲግሪ ቢሆን፣ 8 በ125 ሲባዛ 1,000 ሜትር ይሆናል። ስለዚህ የደመናው ግርጌ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ላይ ነው። በወይና ደጋ ያለው ተማሪ «ደመና» ብሎ አንጋጦ የሚያየው፣ በጉና ላይ ከብት ለሚጠብቀው እረኛ «ጉም» ነው።

3. የደመና ዓይነቶች

እንግሊዛዊው መድኃኒት ቀማሚ ሉክ ሃዋርድ እ.ኤ.አ. በ1802 ለደመናዎች የላቲን ስሞች ሰጠ፤ ሲረስ (ጥቅል ፀጉር)፣ ኩሙለስ (ክምር)፣ ስትራተስ (ንጣፍ) እና ኒምበስ (ዝናብ)። ዛሬ በዓለም ሚትዮሮሎጂ ድርጅት የሚታወቁት ዐሥሩ ዋና ዋና ዓይነቶች ከዚህ የተገኙ ናቸው። ከእነርሱም ለክረምት የሚጠቅሙንን እናንሣ።

ሀ. ኩሙለስ፦ ከረፋድ ጀምሮ የሚታይ፣ ግርጌው ጠፍጣፋ የሆነ ነጭ ክምር ነው። ከስፋቱ ይልቅ ቁመቱ እየጨመረ ከሄደ ከሰዓት በኋላ ሊዘንብ ይችላል።

ለ. ኩሙሎኒምበስ፦ አናቱ እንደ ቀጥቃጭ መስፍ ወደ ጎን የተንጣለለ ግዙፍ ደመና ሲሆን ነጐድጓድ፣ መብረቅና በረዶ የሚያወርደው እርሱ ነው። መብረቁ ከታየ በኋላ ድምፁ እስኪሰማ ያለውን ሴኮንድ ለሦስት ብናካፍል ርቀቱን በኪሎ ሜትር እናገኛለን።

ሐ. ኒምቦስትራተስ፦ ሰማዩን ሁሉ የሸፈነ ግራጫ ንጣፍ ነው። ለረጅም ሰዓት ያለማቋረጥ የሚጥል ዝናብ ያመጣል።

መ. አልቶኩሙለስ፦ በመካከለኛ ከፍታ የሚታይ ነው። በማለዳ እንደ ግንብ ጫፍ ሽቅብ ካበጠ፣ ከሰዓት በኋላ ነጐድጓድ ሊኖር እንደሚችል ያመለክታል።

ሠ. ሲረስ፦ ከበረዶ ቅንጣት የተሠራ ቀጭን የከፍታ ደመና ነው። የአውሮፓ መጻሕፍት የዝናብ አብሳሪ ያደርጉታል፤ በእኛ ክረምት ግን ብዙ ጊዜ ካለፈ ኩሙሎኒምበስ አናት የተረፈ ነው። የመጽሐፍን ሕግ ከአገር ሰማይ ጋር ማመሳከር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

4. ማጠቃለያ

ከላይ እንዳየነው የወቅት ትንበያ ዘር ለመምረጥ፣ ማለትም ቶሎ ወይም ዘግይቶ የሚደርሰውን ለመወሰን ይረዳል። የዐሥር ቀን ትንበያ የሚዘራበትን ሳምንት ለመምረጥ፣ የደመና ንባብ ደግሞ የዕለቱን ሥራ ሰዓት ለመወሰን ይጠቅማሉ። ለክረምት ዕረፍት ወደ ትውልድ ቀያችን የምንሄድ ተማሪዎች የደመናውን ዓይነት፣ ከሰማዩ ስምንት እጅ ስንቱን እንደሸፈነ፣ እንዲሁም ጎኑ ቀጥ ባለ ቆርቆሮ የተጠራቀመውን ዝናብ በሚሊ ሜትር በየዕለቱ ብንመዘግብ፣ ስለ ሰፊው አገር የተነገረው ትንበያ በገዛ ማሳችን ላይ ምን እንደሚመስል እናውቃለን።