የታይሮይድ ሕመምና የኢንፍሉዌንዛ ክትባት፦ የውሳኔው መመዘኛ ምን ሊሆን ይገባል?

መግቢያ

በአማርኛ «ጉንፋን» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ሕመሞችን ያቅፋል። አንደኛው በጥቂት ቀናት የሚያልፈው ቀላል የአፍንጫና የጉሮሮ ሕመም ነው፤ ሁለተኛው በኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የሚመጣው ብርቱ ሕመም ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያጠቃውና «የኅዳር በሽታ» የተባለው ወረርሽኝ ከሁለተኛው ወገን ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ወቅታዊው ኢንፍሉዌንዛ ዛሬም በየዓመቱ ከ3 እስከ 5 ሚሊዮን ሰዎችን በጽኑ ያሳምማል፤ ከ290,000 እስከ 650,000 የሚደርሱ ሰዎችም በሚያስከትለው የመተንፈሻ አካላት ሕመም ይሞታሉ።

የታይሮይድ ሕመም ያለበት ሰው ስለ ክትባቱ ሲያስብ ሁለት ተቃራኒ አስተያየቶች ይገጥሙታል። አንደኛው፣ ዕጢው ስለታመመ ከሌላው ሰው ይልቅ ክትባቱ ያስፈልገዋል የሚል ነው። ሌላው፣ የሰውነቱ መከላከያ የገዛ አካሉን እያጠቃ ስለሆነ ክትባቱ ሕመሙን ያባብስበታል የሚል ነው። ሁለቱም የሚነሡት ከበሽታው ስም ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ውሳኔው በበሽታው ስም ሳይሆን በሦስት ነገሮች፣ ማለትም በሆርሞኑ መጠን፣ በሚወሰደው መድኃኒትና በተጓዳኝ ሕመም ሊመዘን እንደሚገባ ማሳየት ነው።

የታይሮይድ ሕመምና የሰውነት መከላከያ

የታይሮይድ ሕመም ሁሉ ከሰውነት መከላከያ ስሕተት የሚመነጭ አይደለም። በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን በስፋት የታየው እንቅርት በአብዛኛው የአዮዲን እጥረት ውጤት ነው። ስለዚህ ክትባት መከላከያን ያናውጣል የሚለው ሥጋት እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ ከመነሻው አይመለከተውም።

ሀሺሞቶና ግሬቭስ የተባሉት በሽታዎች ግን በእርግጥ መከላከያው በዕጢው ላይ ሲነሣ የሚመጡ ናቸው። ሆኖም የመከላከያው አቅጣጫ መሳሳት አንድ ነገር ነው፣ የመከላከያው መዳከም ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በሀሺሞቶ የተያዘ ሰው ቫይረስን የመዋጋት ዐቅሙ በበሽታው ምክንያት አይጓደልም። የሚወስደው ሊቮታይሮክሲንም ዕጢው ማመንጨት ያቃተውን ሆርሞን የሚተካ እንጂ መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት አይደለም። ክትባቱ ከዚህ መድኃኒት ጋር አይጋጭም፤ በክትባቱ ዕለትም ክኒኑን ማቋረጥ አያስፈልግም።

ስለ ክትባቱ የሚነሡ ሥጋቶች

በመርፌ የሚሰጠው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ሕይወት ያለው ቫይረስ ስለሌለበት በሽታውን ሊያመጣ አይችልም። የክንድ ሕመም፣ የሰውነት መጎሳቆል ወይም ቀላል ትኩሳት ለአንድና ለሁለት ቀን ሊያስከትል ይችላል። የመከላከል ኃይሉ የሚጠናቀቀው ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ክትባቱ ከቫይረሱ ዓይነት ጋር በሚገባ በተገጣጠመበት ዓመት ሐኪም ዘንድ የሚያደርሰውን ሕመም ከ40 እስከ 60 በመቶ ይቀንሳል። ፍጹም ጋሻ ነው ማለት አይቻልም፤ ጥቅሙ ግን ቀላል አይደለም።

ከሥጋቶቹ መካከል መሠረት ያላቸው አሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ወረርሽኝ ወቅት በአውሮፓ ከተሰጡት ክትባቶች አንዱ የሆነው ፓንደምሪክስ በፊንላንድና በስዊድን በተለይ በልጆችና በወጣቶች ላይ ናርኮሌፕሲ ከተባለው የእንቅልፍ ሕመም ጋር ተያይዟል። ያ ክትባት ለወረርሽኙ የተዘጋጀና ልዩ ማጎልበቻ የተጨመረበት እንጂ በየዓመቱ የሚሰጠው ወቅታዊ ክትባት አልነበረም። ከወቅታዊ ክትባት በኋላ የታይሮይድ ዕጢ የመቆጣት ሁኔታ የታየባቸው ጥቂት ሕሙማንም በሕክምና መጽሔቶች ተዘግበዋል። ይሁን እንጂ የተናጠል ዘገባ ክትባቱ መንሥኤ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ያው የዕጢ መቆጣት ከቫይረስ ሕመሞች በኋላም የታወቀ ነው።

ሚዛኑን የሚለውጡ ሁኔታዎች

የመጀመሪያው ሁኔታ ያልተስተካከለ የሆርሞን መጠን ነው። ሆርሞኑ ከመጠን በላይ በሆነበት ሰው ላይ ኢንፌክሽን ሲደርስ «የታይሮይድ ማዕበል» የሚባለውን አደጋ ሊቀሰቅስ ይችላል። ይህም ከፍተኛ ትኩሳት፣ የልብ ምት መናጥና የአእምሮ መታወክ የሚታይበት ሲሆን፣ በተለያዩ ጥናቶች ከተያዙት መካከል ከ8 እስከ 25 በመቶ የሚሆኑት እንደሚሞቱ ተገልጿል። በተቃራኒው፣ ሆርሞኑ እጅግ ባነሰበትና ሕክምና ባላገኘ አረጋዊ ላይ ኢንፌክሽን ራስን እስከ መሳት ሊያደርስ ይችላል። በሁለቱም ወገን ሊፈራ የሚገባው ከክትባቱ ይልቅ ኢንፍሉዌንዛው ነው።

ሁለተኛው መድኃኒት ነው። ሜቲማዞል፣ ካርቢማዞልና ፕሮፒልታዮዩራሲል ከሺህ ተጠቃሚዎች ከ2 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ፣ ይበልጡንም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፣ ነጭ የደም ሕዋሳትን በአደገኛ ሁኔታ ያመናምናሉ። የዚህ ጉዳት ምልክቶች ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም በመሆናቸው ከጉንፋን ጋር በቀላሉ ይምታታሉ። ስለሆነም መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ሲሰማው «ጉንፋን ነው» ወይም «የክትባቱ ነው» ብሎ ሊያልፈው አይገባም፤ መድኃኒቱን መውሰዱን አቁሞ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሊቀርብና ደሙን ሊመረመር ይገባዋል። በግሬቭስ ምክንያት ለሚመጣ የዓይን ሕመም ከፍተኛ ስቴሮይድ የሚወስዱ ሕሙማን ደግሞ መከላከያቸው በእርግጥ ይዳከማል። ለእነርሱ በመርፌ የሚሰጠው ክትባት ይመከራል፤ ሕይወት ያለው ቫይረስ የያዘው የአፍንጫ ክትባት ግን አይሰጣቸውም።

ሦስተኛው ተጓዳኝ ሕመም ነው። የዕጢው ሥራ መብዛት የልብ ምትን ሊያዛባና ልብን ሊያደክም ይችላል። ከሀሺሞቶና ከግሬቭስ ጋርም የመጀመሪያው ዓይነት የስኳር ሕመም ወይም አዲሰን የተባለው የአድሬናል ዕጢ ሕመም አልፎ አልፎ አብሮ ይገኛል። እነዚህ ሕመሞች በራሳቸው ክትባቱን የሚያስመክሩ ናቸው። እርግዝናና ከ65 ዓመት በላይ መሆንም እንዲሁ።

የአገሮች መመሪያ

የመመሪያዎች ልዩነት ሕሙማንን ግራ ሲያጋባ ይታያል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 ስድስት ወር ለሞላው ሰው ሁሉ፣ የሚከለክል ምክንያት ከሌለው በቀር፣ በየዓመቱ መከተብ ተመክሮ ነበር። በብሪታንያ ክትባቱ በነጻ የሚሰጠው በዕድሜና በሕመም ዓይነት ለተለዩ ወገኖች ሲሆን፣ የታይሮይድ ሕመም ብቻውን በዝርዝሩ ውስጥ አይገባም። ይህ ማለት ግን የታይሮይድ ሕመምተኛ እንዳይከተብ ተከልክሏል ማለት አይደለም፤ በነጻ ከሚሰጣቸው ወገኖች አልተቆጠረም ማለት ብቻ ነው። በኢትዮጵያ ክትባቱ በመደበኛው የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ ስላልተካተተ ጥያቄው ይበልጥ የሚነሣው በውጭ አገር በሚኖሩና ወደዚያ በሚጓዙ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ነው።

ማጠቃለያ

የታይሮይድ ሕመም በራሱ ክትባቱን የሚከለክል ምክንያት አይደለም። የሚከለክለው ቀድሞ በተሰጠ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ወይም በክትባቱ ውስጥ ባለ ንጥረ ነገር የደረሰ ጽኑ አለርጂ ነው። ከቀደመ ክትባት በኋላ በስድስት ሳምንት ውስጥ ጊላን ባሬ የተባለው የነርቭ ሕመም የደረሰበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ማማከር ይኖርበታል፤ በብርቱ ሕመም ላይ ያለም እስኪሻለው መቆየት ይገባዋል። ከዚህ ውጭ፣ ሆርሞኑ የተስተካከለለት ሕመምተኛ እንደ ማንኛውም የዕድሜ እኩያው ጥቅሙን መዝኖ ሊከተብ ይችላል። ሆርሞኑ ላልተስተካከለለት፣ መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ለሚወስድ ወይም ተጓዳኝ ሕመም ላለበት ግን የመከተቡ ምክንያት ይጠነክራል። ስለዚህ ለሐኪም መቅረብ ያለበት ጥያቄ «ታይሮይድ አለብኝ፤ ልከተብ ወይ?» የሚል ብቻ ሊሆን አይገባም። የመጨረሻው የሆርሞን ምርመራ ውጤት፣ የሚወሰዱት መድኃኒቶች ዝርዝርና ሌላው ሕመም አብሮ ሲቀርብ መልሱ ለዚያ ሰው የሚስማማ ይሆናል።