ታላቅ ገበያ ቀረጡን ሲያነሣ ለሌሎች አገሮች ንግድ የሚያመጣው ጥቅምና ጉዳት

ቀረጥ ማለት ሸቀጥ ከአገር ወደ አገር ሲተላለፍ መንግሥት በኬላ የሚቀበለው ገንዘብ ነው። ቀረጥ ሲከብድ የዕቃው ዋጋ ይወደዳል፥ ገዢውም ያንሳል፤ ሲቀል ግን ገዢው ይበዛል። ስለዚህ ባለጸጋ የሆነ ታላቅ መንግሥት ቀረጡን ባነሣ ጊዜ ነገሩ የርሱ ብቻ አይደለም፤ ወደርሱ የሚሸጡትን አገሮች ሁሉ ይነካል።

መምህሩ ይህን በላስታ ምሳሌ ያስረዳ። ሁለት ማር ሻጮች ወደ ላሊበላ የቅዳሜ ገበያ መጡ እንበል። አንዱ ድኻ ነውና ቀረጥ ተምሮለታል፤ ሁለተኛው ይከፍላል። ያልከፈለው ማሩን በረከሰ ዋጋ ለመሸጥ ስለሚችል ገዢ ወደርሱ ያደላል። በኋላ ሹሙ «ከእንግዲህ ወዲህ ማንም አይክፈል» ብሎ ቢያስነግር፥ ለሁለተኛው ደስታ ነው፥ ገዢውም ይጠቀማል፤ ለፊተኛው ግን በሩ ሳይዘጋበት ብልጫው ይቀርበታል።

በዓለም ገበያም የሆነው ይኸው ነው። ቻይና ታኅሣሥ 2 ቀን 1994 ዓ.ም. የዓለም የንግድ ድርጅት አባል ሆና ቀረጧን ዝቅ አደረገች። በ1997 ዓ.ም. ለድኾች የአፍሪቃ አገሮች በተመረጡ ሸቀጦች ላይ ቀረጥ ማረች፤ ከኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮም ወዳጆቿ ለሆኑት እጅግ ድኾች አገሮች ምሕረቱን በሸቀጥ ሁሉ ላይ አደረገችው። ሰሊጥ የሚያበቅሉት ኢትዮጵያ፥ ሱዳንና ታንዛንያ ከነዚህ ይቈጠራሉ። ናይጄርያም ሰሊጥ ታበቅላለች፤ ነገር ግን ከእጅግ ድኾች ወገን ስላልሆነች ከዚህ ምሕረት አልተካፈለችም ነበር። በሰኔ 2017 ዓ.ም. ግን ቻይና ምሕረቱን ለ53 የአፍሪቃ መንግሥታት ለማድረስ ማሰቧን አስታወቀች። እንዲህ ሲሆን የሑመራና የመተማ ሰሊጥ ከናይጄርያ ሰሊጥ ጋራ በኬላው ፊት እኩል ይቆማል። ያን ጊዜ የሚያበልጠው የእህሉ ጥራትና የማጓጓዣው ኪሣራ ማነስ ብቻ ነው።

ደግሞም የተከፈተ በር ብቻውን አይበቃም። የአውሮፓ ኅብረት በ1993 ዓ.ም. ከጦር መሣሪያ በቀር ከእጅግ ድኾች አገሮች ለሚመጣው ሸቀጥ ቀረጥ መማር ጀመረ። የኢትዮጵያ ማር ግን እንዲገባ የተፈቀደው በ2000 ዓ.ም. ነው፤ በማሩ ውስጥ የሚጎዳ ቅሪት አለመኖሩ በምርመራ ይረጋገጥ ዘንድ ያስፈልግ ነበርና። ሰባት ዓመት ያህል ቀረጥ ያልከለከለውን ምርመራ ከለከለው።

እንግዲህ የላስታ ሽማግሌዎች ለንብ አርቢው ሊነግሩት የሚገባ ነገር አለ። ነጩን ማር ከጥቁሩ አይቀላቅል፤ ስኳር አይጨምርበት፤ በንጹሕ ዕቃ ያኑረው። ቀረጥን ማንሣትም መመለስም በባዕድ መንግሥት ፈቃድ ነው፤ የማሩ ጥራት ግን በአራቢው እጅ ነው።

ጥያቄ፦ ፩ኛ፥ ቀረጥ ለሁሉ ሲነሣ ቀድሞ የተማረለት ሻጭ ምን ይቀርበታል? ፪ኛ፥ የኢትዮጵያ ማር ቀረጥ ከተማረለት በኋላ ወደ አውሮፓ ሳይገባ የቈየው ስለ ምንድን ነው?