«በራሴ ጥፋት ነው» ብለው አይፈርሙ

አንድ ወጣት በክራንች እየታገዘ ቢሮዬ ገባ። የመጋዘን የቀን ሠራተኛ ነው። ካርቶን ሲደረድር ወደ ኋላ የሚመለስ ፎርክሊፍት ግራ እግሩን ጨፈለቀው። ተጫምቶ የነበረው ሸራ ጫማ ነው፤ ሴፍቲ ጫማ የሰጠው የለም። ከኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው፦ «ጉዳቱ የደረሰው በራሴ ጥንቃቄ ጉድለት ስለሆነ ከድርጅቱ ምንም አልጠይቅም።» የፊርማው ቦታ ባዶ ነበር። «ጋሼ፣ ካልፈረምክ የሕክምናውን አንከፍልም አሉኝ» አለኝ።

እንዲህ ያለ ወረቀት ለቀረበላችሁ ሁሉ ይህን እጽፋለሁ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 96 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ሠራተኛው በሥራ ላይ ለደረሰበት ጉዳት ኃላፊ ነው። ስለዚህ የአሠሪውን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅብዎትም። ፎርክሊፍቱን የነዳው ባልደረባዎ ቢሆንም ጉዳቱ የሥራ ላይ ጉዳት መሆኑ አይቀርም። «የጽሑፍ ውል የለህም» ቢሉዎትም አይደንግጡ፤ ውሉ በጽሑፍ ባለመሆኑ ሠራተኛው መብቱን አያጣም።

አሠሪው ከኃላፊነት የሚያመልጥበት በር ጠባብ ነው። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ በግልጽ ከጣሰ ወይም አሠሪው ለይቶ ያወጣውን የአደጋ መከላከያ ደንብ ካላከበረ፣ አልያም ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ ከገባ ብቻ ነው። መዘናጋት ከዚህ ውስጥ የለም። ደንቡ መኖሩንና ለሠራተኛው መነገሩን ማስረዳት ያለበትም ደንብ ተጣሰ የሚለው ወገን ነው። በሌላ በኩል፣ የልዩ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ መንጃ ፈቃድ ሳይኖራችሁ «እስቲ አንዴ አንሳልኝ» ስትባሉ የፎርክሊፍቱን ቁልፍ የምትቀበሉ ወንድሞቼ፣ ይህ ክርክር ነገ በእናንተ ላይ ሊነሳ እንደሚችል እወቁ። ፎርማኑ ያዘዘውን ኋላ እንዳይክድ፣ ትእዛዙን የሰማ ሰው አጠገባችሁ ይኑር።

ፎርክሊፍትን የማያውቅ ሰው «አጠገቡ ምን አስቆመው?» ይላል። ይህ መኪና የሚታጠፈው በኋላ ጎማው ስለሆነ ሲዞር ጭራው ወደ ውጭ ይጠርጋል። ከፊት ሹካው ላይ የተቆለለው ዕቃ ደግሞ የነጂውን ዓይን ይጋርዳል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ እየሄደ ማጓጓዝ ግድ ይሆንበታል። የእግረኛና የፎርክሊፍት መንገድ በቀለም ካልተለየ፣ የኋላ ማርሽ ድምፁ ከተበላሸ፣ ሰውየው የት ይቁም? አንቀጽ 92 ሠራተኛው የሥራውን አደጋና መጠንቀቂያውን እንዲያውቅ የማድረግን፣ መከላከያ ጫማና ልብስ የማቅረብን፣ አደጋውን መዝግቦ የማሳወቅን ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። አሠሪው ይህን ባለማድረጉ ጥፋተኛ ከሆነ ሠራተኛው ከአዋጁ ክፍያ ሌላ አግባብ ባለው ሕግ ካሳ የመጠየቅ መብቱ አይነካም። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ እኔን የሚቆጨኝም ይኸው ነው።

ሕክምናውን በተመለከተ አሠሪው የሕክምና፣ የቀዶ ጥገና፣ የሆስፒታልና የመድኃኒት ወጪውን፣ አስፈላጊ ከሆነም የሰው ሠራሽ አካል ወጪውን ይሸፍናል። ይህ ግዴታው እንጂ የፊርማ መግዣ አይደለም። ሠራተኛው ሥራ መሥራት ባልቻለበት ጊዜ ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ደመወዙ ሙሉ በሙሉ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለተከታዮቹ 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። በወር 6,000 ብር ለሚያገኝ ሰው ይህ ሁሉ ሲደመር 49,500 ብር ይሆናል። ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት ከደረሰ የዓመት ደመወዙ በ5 ተባዝቶ ይሰላል፤ በዚሁ ደመወዝ 360,000 ብር ማለት ነው። ከፊል ሲሆን የሕክምና ቦርድ በወሰነው መቶኛ ልክ ይሰላል። የጡረታ ወይም የኢንሹራንስ ሽፋን ካለዎት የዘላቂው ጉዳት ክፍያ በዚያ በኩል ሊታይ ስለሚችል አስቀድመው ያጣሩ።

ማስረጃ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ካልተያዘ ይጠፋል። ሐኪሙ ካርድዎ ላይ «በሥራ ቦታ፣ በፎርክሊፍት» ብሎ መጻፉን አይተው ይውጡ። ቦታውን በስልክዎ ያንሱ፤ ለምስክርነት አደጋውን ያየ አንድ ባልደረባዎም ይበቃል፣ ስልክ ቁጥሩን ይያዙ። አደጋው ሳይደርስ በፊት ብሬኩ ወይም መብራቱ መበላሸቱን ካዩ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ይህ የእርስዎም ግዴታ ነው። ለሕይወትዎ የሚያሰጋ አደጋ እያለ አሠሪው እያወቀ ካላስተካከለ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ገልጸው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ይችላሉ፤ ግን እርምጃውን ሳይወስዱ የሕግ ሰው ያማክሩ።

ያ ወጣት ወረቀቱን አልፈረመም። እርስዎ ግን ፈርመው ከሆነ ተስፋ አይቁረጡ፤ የወረቀቱን ቅጂ ይዘው ወደ ሕግ ባለሙያ ይሂዱ። የጉዳት ካሳ ክስ የሚቀርበው በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ሲሆን የይርጋው ጊዜ 1 ዓመት ነው። ቁስሉ እስኪድን፣ አለቃው እስኪራራ አይጠብቁ።