ዕረፍት ያጣ ጨቅላና የአሳዳጊ አማና



እናት በእርግዝናዋ ወቅት ትራማዶልን ወይም ሞርፊንን የመሰለ መድኃኒት ስታዘወትር ጽንሱም አብሮ ይለምዳል። ሲወለድ መድኃኒቱ በድንገት ስለሚቋረጥበት፣ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ በቀጭን ድምፅ ያለማቋረጥ ያለቅሳል፤ ይንቀጠቀጣል፤ መጥባትና መተኛት ይሳነዋል። ይህ ሕመም እንጂ ጂን ወይም እርግማን አይደለም። ሕፃኑም በእናቱ ሥራ አይጠየቅም።

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬም ሆነ በገጠሩ እንዲህ ያለ የቲም የተረከበ ቤተሰብ አስቀድሞ ወደ ሆስፒታል ይውሰደው። አንዳንዱ ሐኪም የሚያዝለት፣ መጠኑም ቀስ በቀስ የሚቀነስ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ወደ ቤት ከተመለሰ በኋላ ሰውነቱ ከተንዘፈዘፈ ወይም መመገብ ካቆመ ሳይውል ሳያድር ይመለስ።

በቤት ውስጥ ብርሃኑ የደበዘዘ፣ ጭስና ጫጫታ የሌለበት ክፍል ይዘጋጅለት። አሳዳጊዋ ገላውን ከገላዋ አገናኝታ ትቀፈው፤ ሐኪም ያዘዘውን ወተት ጥቂት በጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ትመግበው። ቅቤም ሆነ የአብሽ ውኃ አይሰጠው። ሲያንቀላፋ በጀርባው ይተኛ።

በ2023 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ፣ በ26 የአሜሪካ ሆስፒታሎች በተደረገ ጥናት፣ መመገብን፣ መተኛትንና መጽናናትን ያስቀደመ አያያዝ ሕፃናቱ ከሆስፒታል ለመውጣት የሚደርሱበትን ጊዜ ከ15 ቀን ገደማ ወደ 8 ቀን ገደማ አሳጥሯል።

ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) በየቲምነታቸው ያጠቧቸው ሐሊማ አስ-ሰዕዲያ ነበሩ። ዛሬም ሌሊቱን ነቅታ የምታቅፍ አሳዳጊ ብቻዋን አትተው፤ የወተቱንና የመጓጓዣውን ወጪ እንሸፍንላት፣ በፈረቃም እናሳርፋት። አላህ ይቀበለን፤ አሚን።